የግንባር ጠርዝ፦ ዊግና የእውነት ጥያቄ

ፀጉር ለሳሳበት ወይም ላለቀበት ሰው የሚሠራ ዊግ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ አናትን፣ ጎንና ጎንን እንዲሁም ማጅራትን የሚሸፍነው ሰፊው ክፍል ነው። ሌላው በግንባር ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዘረጋው፣ ስፋቱ ከአንድ ጣት የማያልፈው የፊት ጠርዝ ነው። የመጀመሪያውን ፋብሪካ ጨርሶ ይልከዋል፤ ሁለተኛው ግን በለባሹ ራስ ላይ፣ በመቀስና በወረንጦ የሚያልቅ የእጅ ሥራ ነው። በዊግ ላይ የሚነሣው የሃይማኖትና የግብረ ገብ ጥያቄም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። ዊግ የለበሰ ሰው ይዋሻል ከተባለ የሚዋሸው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ አይዋሽም የሚል ሰውም ምክንያቱን ማግኘት ያለበት እዚሁ ነው።

ጉዳዩን በቅርብ ለማየት ቶንፒንግ ይመቻል። ቶንፒንግ በጁባ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ፣ ሆቴሎችና ቢሮዎች የሚበዙበት ሰፈር ነው። ከ1997 ዓ.ም. የሱዳን የሰላም ስምምነት በኋላ፣ ይበልጡንም ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ካወጀችበት ከሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ጁባ ሄደው ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ሱቅና ፀጉር ቤት ከፍተዋል። በእንዲህ ያለ ከተማ ፀጉር ቤት ውስጥ ሐበሻዋ፣ ዲንካዋ፣ ኑዌሯ፣ ባሪዋና ኡጋንዳዊቷ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ፤ ኦርቶዶክሷ፣ ካቶሊኳ፣ ፕሮቴስታንቷና ሙስሊሟም እንዲሁ። ለገበያ የሚቀርበው ዊግ አብዛኛው የቻይና ሥራ ነው፤ በሄናን ግዛት ያለችው ሹቻንግ ከተማ በዚህ ንግድ በዓለም የታወቀች ናት። ወደ ጁባ የሚገባ ሸቀጥ ብዙው ከካምፓላ ተነሥቶ፣ ከኒሙሌ ድንበር ጀምሮ 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት አቋርጦ ይደርሳል። በየካቲትና በመጋቢት የከተማዋ ሙቀት 38 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ ላብ ዊጉን ግንባር ላይ የያዘውን ሙጫ ያላላዋል። ጠርዙ አንዴ ከተነሣ ደግሞ የቀረው ሥራ የቱንም ያህል ቢያምር ከመጋለጥ አያድንም።

ጠርዙ የሚሠራው ሌስ በሚባል ስስ መረብ ላይ ነው። ሠራተኛዋ ጫፉ በተቆለመመ ቀጭን መርፌ ፀጉሩን ነጠላ ነጠላውን እየሳበች በመረቡ ቀዳዳዎች ትቋጥራለች። ቋጠሮው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ስለሚታይ በኬሚካል ይነጣል። የሌሱ ቀለም ሌላ ችግር ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ለነጣ ቆዳ የሚስማማ በመሆኑ በጠይም ወይም በጥቁር ግንባር ላይ አመድ የተነሰነሰ ያስመስላል። ስለዚህ ፀጉር ሠሪዎች ሌሱን በሻይ ይነክሩታል፤ ወይም የለባሹን መልክ የሚመስል ፋውንዴሽን ከሥሩ ይቀቡታል።

ከመቁረጥ በፊት ጠርዙ የት ላይ ይረፍ የሚለው መወሰን አለበት። ሰው ቅንድቡን ወደ ላይ ሲያነሣ ግንባሩ ላይ መስመሮች ይወጣሉ፤ ከላይኛው መስመር አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ያለው ቦታ የጎልማሳ ፀጉር በአብዛኛው የሚጀምርበት ነው። ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ፊትን በሦስት እኩል እጅ ከፍሎት ነበር፦ ከአገጭ እስከ አፍንጫ ሥር፣ ከዚያ እስከ ቅንድብ፣ ከቅንድብ እስከ ፀጉር መጀመሪያ። ልኬቱ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በ50 ዓመት ሰው ግንባር ላይ የ18 ዓመት ጎረምሳ ጠርዝ ቢቀመጥ ልኩ ትክክል ሆኖ ሳለ ፊቱ ባዕድ ይሆናል። ስለዚህ ለጎልማሳ ወንድ በግንባሩ ሁለት ማዕዘኖች ፀጉሩ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲሸሽ ይደረጋል። ትርፉ ሌስ የሚቆረጠው ዊጉ ራስ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ ጥቂት በጥቂቱ ነው፤ አንዴ ያለፈ መቀስ አይመለስምና። ቀጥ ያለ ቁርጥ ከሩቅ ስለሚታወቅ መቀሱ ወጣ ገባ እያለ ይሄዳል። ከዚያ ወረንጦ ይነሣና ከፊተኛው ረድፍ ፀጉር እየተነቀለ ይሳሳል፦ መጀመሪያ ነጠላ ነጠላ ብቻ፣ ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ብቻ ጥቅጥቅ ያለው። በመጨረሻ ጥቂት አጫጭር ፀጉሮች ቤቢ ሄር ተብለው ወደ ፊት ይለቀቃሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለፍልስፍና የሚሆን አንድ ያልተለመደ ነገር አለ። የሠሪዋ ችሎታ የሚለካው ውበት በመጨመሯ ሳይሆን ጉድለትን በመኮረጇ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ጠርዝ እኩል፣ የተሟላና እንከን የለሽ ነው፤ ሰው ሠራሽነቱን የሚያጋልጠውም ይኸው እንከን የለሽነቱ ነው። ሠሪዋ ያንን ሙሉነት ሆን ብላ ታጎድለዋለች፤ አንዱን ጎን ከሌላው ታበላልጣለች፣ እዚህ ታሳሳለች፣ እዚያ ታሸሻለች። በፈቃዷ ያስገባቻቸው ጉድለቶች ሲበዙ ነው የሚያይ ሰው ተፈጥሮ ነው ብሎ የሚያምነው። ወርቅ፣ ኩል፣ እንሶስላ፣ ጥልፍ ሁሉም ጌጥ መሆናቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። በደንብ የተከረከመ የዊግ ጠርዝ ግን ጌጥ አለመሆኑን ይናገራል። ይህ ልዩነት በጥያቄው ውስጥ ትልቁን ቦታ መያዝ አለበት፤ ስለ ዊግ የሚጽፉ ብዙዎች ፀጉሩን እንጂ ጠርዙን ስለማያዩ ይስቱታል።

የሌላ ፍጡርን ፀጉር በራስ ላይ ማድረግ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የጥንት ጀግና ከአንበሳ ጋማ የተሠራ ጎፈር በግንባሩ ዙሪያ አስሮ ወደ ጦርነትና ወደ ግብር ይሄድ ነበር። ጎፈሩ ያንን ሰው አንበሳ የገደለ ወይም ለዚያ ክብር የበቃ መሆኑን ያስታውቃል እንጂ ፀጉሩ ከራሱ እንደበቀለ ማንም አያስብም። የጥንት ግብፃውያን ሹማምንት ዊግም፣ በ18ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መኳንንት ያደረጉት ዱቄት የተነሰነሰበት ዊግም እንዲሁ በግልጽ የሚታወቁ የማዕርግ ልብሶች ነበሩ። እነዚህን ሐሰት የሚላቸው የለም። ፀጉሩ የሌላ መሆኑ ብቻውን ሐሰት የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ጎፈርም በተወገዘ ነበር። ክሱ የሚመጣው ጠርዙ ሲሰወር ነው።

የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ395 ገደማ ስለ ሐሰት በጻፈው ድርሳን፣ ዋሾ በልቡ አንድ ነገር ይዞ ለማታለል ፈልጎ ሌላ የሚገልጽ ሰው መሆኑን አስተምሯል። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት በተለይም በ13ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቶማስ አኩይናስ፣ ሐሰት በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራም እንደሚነገር አስረድተዋል። በዚህ መለኪያ የተከረከመው ጠርዝ በእርግጥ አንድ ነገር ይናገራል፦ ይህ ፀጉር ከዚህ ቆዳ በቅሏል ይላል። ንግግሩም እውነት አይደለም። ነገር ግን አኩይናስ ራሱ ስለ ሴቶች ጌጥ ሲመረምር አንድ መለያ አስቀምጧል፤ የሌለን ውበት አለኝ ማለት አንድ ነገር ነው፣ በሕመም ወይም በመሰለው ምክንያት የመጣን መጎሳቆል መሸፈን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለተኛው የተፈቀደ ነው ብሏል። መለያው መልካም ነው፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ይጠብባል። በካንሰር መድኃኒት ፀጉሯ ያለቀ ሴት በግልጽ ከሁለተኛው ወገን ናት። በዘር ምክንያት በ30 ዓመቱ ራሰ በራ የሆነ ወንድስ? ሕመም የለበትም፣ ሆኖም ያጣው ነገር አለ። የአኩይናስ መለያ ሰውየው ለምን ይሸፍናል የሚለውን እንጂ ከማን ይሸፍናል የሚለውን አይጠይቅም። ጥያቄውን የሚፈታው ደግሞ ይህ ሁለተኛው ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሚያስታውሰው በላይ ቅርብ ነገር ይናገራል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ የቆዳ ደዌን እንዴት እንደሚለይ ሲዘረዝር፣ በቁጥር 40 እና 41 ላይ ፀጉሩ ያለቀበትን ሰው፣ ለይቶም ከፊት በኩል ከግንባሩ የሸሸበትን ሰው ያነሣና ንጹሕ መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉ ደዌን ከተራ የፀጉር ማለቅ ይለያል፤ ራሰ በራውን ከሰፈር አያስወጣውም፣ መሥዋዕትም አያስከፍለውም። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 2 ልጆች ነቢዩ ኤልሳዕን በራሰ በራነቱ ሲያፌዙበት የሚቀጡት ፌዘኞቹ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ራሰ በራነት በእግዚአብሔር ፊት ምንም ነውር የሌለው መሆኑን በሙሉ ልብ መናገር ይቻላል። ነውር ካልሆነ ግን መሸፈኑም ኀጢአትን እንደመሸፈን ሊቈጠር አይችልም። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ብዙ ሰባኪ ይረሳዋል።

የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ጸሓፊዎች ግን ጠንካራ ነበሩ። ጠርጡልያኖስ እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ስለ ሴቶች ጌጥ ሲጽፍ፣ ምናልባት የወንጀለኛ ወይም የርኩስ ሰው ሊሆን የሚችልን ፀጉር በተጠመቀ ራስ ላይ መጫንን አውግዟል። በዚያው ዘመን የነበረው ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ ይበልጥ ረቂቅ ነጥብ አንሥቷል፤ ካህኑ እጁን ሲጭን የሚባርከው ማንን ነው? ሴትዮዋን ሳይሆን የሌላ ሰውን ፀጉር፣ በዚያም በኩል ሌላ ራስን ነው ብሏል። የቀሌምንጦስ ሐሳብ ቡራኬን ከአካል ጋር በጣም ያጣብቃል። በረከት በጨርቅ ወይም በፀጉር የሚታገድ ቢሆን ነጠላዋን ተከናንባ የምትቆም ሴት ሁሉ ሳትባረክ በቀረች ነበር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ሴት በጸሎት ጊዜ ራሷን መከናነቧ ከአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 የመጣ ግዴታ ነው፤ መስቀሉን ስትሳለም ደግሞ የሚነካት ግንባሯን ነው። ሜሮን በጥምቀት ጊዜ ከሚያርፍባቸው ቦታዎችም አንዱ ግንባር ነው። የዊጉ ጠርዝ ከዚህ ቦታ በላይ ይጀምራል። ነጠላ ከላዩ ሲወርድበት ደግሞ ከቅዳሴ ቆሞ የሚታይ ጠርዝ አይኖርም። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን በኩል ያለው ከባድ ጥያቄ ስለ ዊጉ ሕጋዊነት ሳይሆን በአንደኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3 ስለተነሣው ነገር ነው፦ ሰው ለውጫዊ ጌጡ የሚሰጠው ልብ ምን ያህል ነው የሚለው። ይህ ደግሞ ለሹሩባም፣ ለወርቅም፣ ለሀበሻ ቀሚስም እኩል የሚቀርብ ነው።

በእስልምና ጉዳዩ በሕግ ደረጃ በዝርዝር ተሠርቷል። በቡኻሪና በሙስሊም ስብስቦች በተመዘገበው ሐዲስ ፀጉር የምትቀጥልና የምታስቀጥል ተረግመዋል። የነገሩን መነሻ የነቢዩ ባልደረባ አስማእ ቢንት አቡበክር ካስተላለፉት ዘገባ መረዳት ይቻላል፤ አንዲት እናት ልጇ ሙሽራ መሆኗን፣ በበሽታ ምክንያት ፀጉሯ መርገፉን ተናግራ ልቀጥልላት ወይ ብላ ስትጠይቅ ክልከላው ተሰጣት። ኸሊፋው ሙዓዊያ መዲና ውስጥ በሚንበር (በመስጊድ መስበኪያ) ላይ ቆመው አንድ ጭብጥ ቅጥያ ፀጉር ይዘው፣ ሊቃውንታችሁ የት አሉ እያሉ መውቀሳቸውና ነገሩን ሐሰት ብለው መጥራታቸውም ተዘግቧል። ሊቃውንቱ በምክንያቱ ላይ ተለያይተዋል። አንዳንዶቹ የፈጣሪን ፍጥረት መለወጥ ነው አሉ፤ ሌሎች የሰው አካል የተከበረ ስለሆነ መጠቀሚያ መሆን የለበትም አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ተድሊስ፣ ማለትም እንከንን ሸፍኖ ማታለል ነው አሉ። የምክንያቱ ልዩነት ወደ ብያኔው ይወርዳል። በማሊኪ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) ቅጥያው ከሱፍም ቢሆን አይፈቀድም፤ ሐነፊዎች የሰው ፀጉር ያልሆነውን ፈቅደዋል፤ በሻፊዒ ዘንድም ንጹሕ የእንስሳ ፀጉር ላገባች ሴት በባሏ ፈቃድ እንደሚፈቀድ የሚናገር የታወቀ አቋም አለ። ሱዳን በማሊኪ ትምህርት የቆየች አገር በመሆኗና በኢትዮጵያ ሻፊዒና ሐነፊ ስለሚበዙ፣ ጁባ ውስጥ ሁለት ሙስሊም ሴቶች በአንድ ፀጉር ቤት ተቀምጠው የተለያየ ብያኔ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለጠርዙ ጥያቄ የሚቀርበው የውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት የሚደረገው መታጠብ፣ ሕግ ነው። ፊት ሲታጠብ ከየት ይጀምራል ለሚለው የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት የመለሱት፣ በተለመደ ሰው ላይ የራስ ፀጉር ከሚበቅልበት ጀምሮ እስከ አገጭ ብለው ነው። ወዲያው ሁለት ያልተለመዱ ሰዎች ተነሡ፦ ፀጉሩ ከፊት የሸሸበትና ፀጉሩ ወደ ግንባሩ የወረደበት። ለሁለቱም የሚፈርደው የተለመደው ሰው መስመር ነው። የሸሸበት ሰው ባዶውን የራሱን ክፍል እንደ ፊት የማጠብ ግዴታ የለበትም፤ የወረደበት ግን በግንባሩ ላይ የበቀለውን ያጥባል። እንግዲህ ሕጉ ለራሰ በራ ሰው ጭምር የፀጉር መስመር ሰጥቶታል። ፀጉሩ ቢሄድም ፊቱ የሚያበቃበት ድንበር አልሄደም። ሌስ ቆራጯ ቅንድብ አስነሥታ፣ በጣት ለክታ የምትፈልገው መስመርም ይኸው ነው። በዚህ መልኩ ሲታይ የተከረከመው ጠርዝ ከባዶ የፈጠረው ድንበር የለም፤ ሰውየው በሕግም በሥጋም የነበረውን ድንበር እንደገና ያሰምርበታል። ይህ ለሐሰት ክሱ እስካሁን ከተሰጡት መልሶች ጠንካራው ይመስላል። ሆኖም የመታጠብን ግዴታ አያነሣም። በማሊኪ ውዱእ ራስ ሙሉውን ይታበሳል፤ በሻፊዒ ጥቂት ክፍል ማበስ ይበቃል፤ በጉሱል፣ ማለትም በሙሉ ገላ መታጠብ፣ ግን በሁሉም ዘንድ ውሃው ወደ ራስ ቆዳ መድረስ አለበት። ለሳምንታት እንዲቆይ በሙጫ የተለጠፈ ዊግ ይህን ይከለክላል። ለሙስሊም ደንበኛ በየዕለቱ የሚወልቅ ዊግና በሙጫ የሚለጠፍ ዊግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሚሆኑት ስለዚህ ነው፤ ፀጉር ሠሪዋም ይህን አውቃ ከመለጠፏ በፊት ብትጠይቅ ተገቢ ነው።

በአይሁድ ዘንድ ጥያቄው ተገልብጦ ይገኛል። ያገባች ሴት ፀጉሯን መሸፈን አለባት፤ ብዙ የኦርቶዶክስ አይሁድ ሴቶች የሚሸፍኑት በዊግ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ጣሊያን ውስጥ የነበሩት ረቢ ኢያሱ ቦአዝ ይህን ሲፈቅዱ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አጥብቀው ከልክለዋል። የክልከላው አንዱ ፍሬ ነገር የዊጉ መልክ ከእውነተኛ ፀጉር የማይለይ መሆኑ ነው፤ የሚያይ ሰው ያልተሸፈነች ይመስለዋል። እዚህ ላይ ችግር የሚሆነው የጠርዙ አለማማር ሳይሆን ማማሩ ነው። ጥሩ ሆኖ የተከረከመ ጠርዝ ራሰ በራዋን ሴት ባለፀጉር፣ የተከናነበችውን ሴት ደግሞ ያልተከናነበች ያስመስላል። አንዱ የእጅ ሥራ ለአንዷ ትሕትናን ይጠብቃል፣ ለሌላዋ ትሕትናን ያስጠረጥራል።

በኢትዮጵያ ልማድ የፀጉር ድንበር የግል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም ነበር። ሳዱላ የሆነች ልጅ መሐል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ማስቀረቷ አለማግባቷን ለአገር ያስታውቃል። ሕፃን ቁንጮ ይተውለታል። ሐዘን የደረሰባት ሴት ፀጉሯን ትላጫለች፤ ጎረቤት ሁሉ ራሷን አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በጠላት ወረራ ዘመን አርበኛው ጎፈሬውን አሳድጎ በዱር ይታወቅበት ነበር። ግንባርም እንዲሁ የተጻፈበት ነው። በትግራይ፣ በጎንደርና በጎጃም ብዙ እናቶች ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አላቸው። የኑዌር ወንዶች፣ በጋምቤላ ያሉትም በደቡብ ሱዳን ያሉትም፣ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር ግንባራቸው ላይ ይቈረጥ ነበር፤ ጋር የሚባለው ይህ ሥርዓት ዛሬ እየቀነሰ ቢሄድም መስመሮቹ በብዙ ጎልማሶች ግንባር ላይ አሉ። በዚህ ሁሉ ማኅበረሰቡ ይጽፋል፣ ያልፋል፣ ያነብባል፤ የተጻፈበት ሰው ግን ማን ያንብብ ብሎ አይመርጥም።

የዚህ ንባብ ክፉ ጎን ደግሞ በቶንፒንግ ታይቷል። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ውስጥ ውጊያ ሲነሣ በሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኑዌሮች፣ ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ግቢ ገብተው ተጠለሉ። በነዚያ ቀናት ሰው ከየትኛው ወገን መሆኑ ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ የአንደበቱ ቋንቋ፣ ሌላው የግንባሩ ምልክት ነበር። ያንን ያወቀ ሰው፣ እያንዳንዱ ፊት ለእያንዳንዱ አላፊ ክፍት መሆን አለበት የሚለውን ሐሳብ በቀላሉ ሊቀበል አይችልም። አውግስጢኖስ ማታለልን ሲያወግዝ በአንደበት የሚጠየቅን ሰው ነበር በዓይኑ ፊት ያደረገው። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ግን ምንም አልጠየቀም፣ የመጠየቅ መብትም የለውም። የፀጉር ቦታ የራስ ነው፤ የሌላ ሰው ዓይን በላዩ ላይ ስላረፈ ብቻ የእውነት ዕዳ አይፈጠርበትም።

ዕዳው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሊያገባት የሚፈልግ ሰው ወይም ልታገባው የምትፈልግ ሴት ይህን የማወቅ መብት አላቸው፤ የአስማእ ሐዲስ የተነሣው በሙሽራ ላይ መሆኑም ይህን ያጠናክራል። ትዳር አካልን ለአካል መስጠት እስከሆነ ድረስ ከጋብቻው ቀን በፊት ዊጉ ወልቆ ራሱ መታየት አለበት። ይህን ያህል የጠበበ ዕዳ መሆኑን ማወቅ ግን ራሱ ነጻነት ይሰጣል፤ ለአሠሪ፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ለመንደር ሰው የሚከፈል አይደለምና።

ሁለተኛው ዕዳ ለባሹ ፀጉሩን ለሰጠው ሰው ያለበት ነው። የሰው ፀጉር ንግድ ትልቁ ምንጭ ህንድ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል በቲሩማላ ቤተ መቅደስ ስእለተኞች ተላጭተው የሚሰጡት ነው፤ ቤተ መቅደሱም በጨረታ ይሸጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የኢየሩሳሌሙ ረቢ ዮሴፍ ሻሎም ኤልያሺቭ ይህ ፀጉር ከጣዖት አምልኮ ጋር የተያያዘ ነው ብለው ሲከለክሉ በኢየሩሳሌምና በብሩክሊን ብዙ ዊጎች በእሳት ተቃጠሉ። ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር ሥራው፣ ሰው ፀጉሩን ቈርጦ መሸጡ ፈጽሞ ከነቀፋ ነጻ አለመሆኑን ጽፏል። ካንት የወቀሰው ሻጩን ነው፤ ወቀሳው ግን ይበልጥ ለገዢው የሚመች ነው። ስእለቷን ለአምላኳ ያቀረበች ምስኪን ሴት ፀጉሯ ወዴት እንደሚሄድ ሳታስብ ትሄዳለች፤ ትርፉ ለሌላ ይደርሳል። ጁባ ወይም አዲስ አበባ ያለች ገዢ ይህን ሰንሰለት ልትበጥሰው አትችልም፤ የሰው ሠራሽ ክር ዊግ የመምረጥ ዕድል ግን አላት። ይህ ምርጫ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ የሙስሊሟንም ጥያቄ ያቀልላል።

ሦስተኛው ዕዳ ለባሹ ለራሱ ቆዳ ያለበት ነው። ሹሩባ ወይም ቅጥያ በጣም ተጠብቆ ሲሠራ የፊቱን ፀጉር ከሥሩ ይስበዋል፤ መጎተቱ ለዓመታት ከቀጠለ ሥሩ ይሞታል፣ ግንባሩም ይሸሻል። የሸሸውን ለመሸፈን ሌስ ይለጠፋል፤ ሙጫው ሲነቀል ደግሞ የተረፉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ይዞ ይነሣል። ዊጉ የሸፈነውን ጉድለት ራሱ እያሰፋው የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። የፀጉር ሠሪዋ ሥራ እዚህ ላይ ሕሊና የሚጠይቅ ይሆናል። ሙጫውን ግንባር ላይ ከመቀባቷ በፊት በክንድ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ሞክራ አንድ ቀን መጠበቅ፣ ሌሱን ስታነሣ በማላቀቂያ ፈሳሽ አለስልሳ እንጂ ጎትታ አለማንሣት፣ በሁለት ልጥፍ መካከል ቆዳው ጥቂት ቀን እንዲተነፍስ መተው ይገባታል። ላሽ፣ ቆረቆር ወይም የሚቈስል ቦታ ካየች ደግሞ ሌሱን ከመለጠፏ በፊት ለደንበኛዋ በግልጽ ነግራ ወደ ቆዳ ሐኪም መላክ አለባት፤ የደንበኛዋን ባዶ ራስ ከሌላው ሰው ሁሉ ቀድማ የምታየው እርሷ ናትና።